ልጡን ጥለን ሚስማሩን ታመንን

ቤት በወደቀ ቁጥር ወቀሳው ወይ በምድሪቱ ወይ በጭቃው ላይ ያርፋል። ምድር ተንቀጠቀጠች፣ ጭቃው ፈረሰ ይባላል፤ ነገሩም በዚሁ ይዘጋል። ግድግዳውን ከመሠረቱ፣ ጣራውን ከግድግዳው ጋር አያይዞ የነበረው ምን እንደ ሆነና ያ ማያያዣ ለምን እንደ ለቀቀ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። በኢትዮጵያና በአካባቢው አገሮች የሚሠራው የእንጨት ቤት ትልቁ ድክመት ከእንጨት መሠራቱ አይደለም። ድክመቱ መጋጠሚያው ላይ ነው። ለመጋጠሚያው ደግሞ ባለቤቱ አይከፍልም፣ አናጢው አይጠየቅም፣ መሐንዲሱ አያስተምርም፣ ሹሙም አይመረምርም። ይህ የአራት ወገኖች ዝምታ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን በቤቱ ውስጥ የተኛው ሰው ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል በደጃችን ካለው እንጀምር። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የደረሰው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀዬአቸው አፈናቅሏል፤ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው በመጠን 6.0 ተለክቷል። ይህ ለምድራችን አዲስ ነገር አይደለም። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አስደንግጧል። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በአፋር የምትገኘው ሰርዶ ወድማለች። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1928 የሱቡኪያ፣ በታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 የካጌራ መንቀጥቀጦች በዚሁ በስምጥ ሸለቆ ሥርዓት ቅርንጫፎች ላይ የደረሱ ናቸው። ፒየር ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው በመጽሐፍ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ስለዚህ አላወቅንም የሚል ምክንያት ከአርባ ዓመት በፊት ጊዜው አልፎበታል። ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ ለሁለት ሳምንት መነጋገር፣ ከዚያም መርሳት ልማዳችን ሆነ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

የጎን ግፊት ምን ያደርጋል?

ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ወደ ታች የሚጫነውን ክብደት ያውቃል። ጣራው እንዳይሰምጥ ቋሚውን ያወፍራል፣ ወጋግራውን ያጠነክራል። ነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ቤቱን ከላይ አይጫኑትም፤ ከጎን ይገፉታል። ከጎን የተገፋ ግድግዳ ሦስት ነገር ሊያደርግ ይቃጣል። አንደኛ፣ በመሠረቱ ላይ ይንሸራተታል። ሁለተኛ፣ አራት ማዕዘን ቅርጹን አጥቶ እንደ ተገፋ የመስኮት ፍሬም ይዘማል። ሦስተኛ፣ በአንድ ጫፉ ተነሥቶ ሊገለበጥ ይሞክራል።

ሦስተኛውን በቁጥር እንየው። ቁመቱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 1.5 ሜትር የሆነ የግድግዳ ክፍል አለ እንበል። በአናቱ ላይ 500 ኪሎ ያህል የጎን ግፊት ቢያርፍበት፣ ጫፉን ወደ ላይ የሚነቅለው ኃይል 500 በ3 ተባዝቶ ለ1.5 ሲካፈል 1,000 ኪሎ ይሆናል። ግድግዳው ከነተሸከመው ጣራ 600 ኪሎ ቢመዝን፣ ከዚህ ውስጥ ጫፉን ወደ ታች የሚይዘው ግማሹ፣ ማለትም 300 ኪሎ ነው። የቀረውን 700 ኪሎ ማን ይይዘዋል? ቋሚውን ከታችኛው አግዳሚ ጋር ያገናኙት ሁለት ወይም ሦስት ሚስማሮች? ሚስማር ከጎን ሲገፋ የሚችለውን ያህል ይታገላል። በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ፣ በቋሚው ጫፍ በኩል የተመታ ሚስማር ወደ ላይ ሲሳብ ግን ከቅቤ ውስጥ እንደሚወጣ ቢላ ነው። የሰሜን አሜሪካ የእንጨት ሥራ ደንብ እንዲህ ባለው ሚስማር የመሳብ ጉልበት ላይ ጨርሶ መመካትን የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው። መንቀጥቀጡም አንድ ጊዜ ገፍቶ አይተውም። ወዲያና ወዲህ እያለ ሚስማሩን ያላላዋል፣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ በመጨረሻም ይነቅለዋል።

አባቶቻችን ያስሩ ነበር

የብረት ማያያዣ የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የገዛ አገራቸውን ቤት አላዩትም። የጥንቱ ጎጆ በሚስማር አልተሠራም። ቋሚው ከማገሩ፣ ማገሩ ከጣራው እንጨት የተያያዘው በልጥ፣ በሐረግና በጠፍር ነው። የዶርዜ ቤት ከላይ እስከ ታች ከቀርከሃ የተሸመነ ነው። ማሰሪያ ትልቅ ጠባይ አለው፤ ወደ ላይም ቢሳብ፣ ወደ ጎንም ቢገፋ፣ ወደ ኋላም ቢመለስ ይይዛል። ትንሽ ይለጠጣል እንጂ በድንገት አይለቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂልም ማሰሪያን ከሚያውቅ ሕዝብ የወጣ ነው።

ከዚያ ሚስማር መጣ። ሚስማር ፈጣን ነው፣ በየሱቁ ይገኛል፣ ሥራውንም ያቀላል። ልጡ በቀን የሚጨርሰውን እርሱ በሰዓት ይጨርሳል። ይህን ጥቅሙን የሚክድ የለም። ነገር ግን ልጡን ስንጥል ከልጡ ጋር አብሮ የሄደውን ነገር አላስተዋልንም። ሥራው ተፋጠነ፤ የመሳብ ጉልበቱ ግን ጠፋ። በክብ እንጨትና በማሰሪያ የተሠራው ቤት ምስጥ ይበላው፣ እሳት ይፈጀው፣ ልጡም ይበሰብስ እንደ ነበር እሙን ነው። የድሮው ይመለስ የሚል ሰው የለም። ይልቁንስ ጠፍጣፋ የብረት ማሰሪያ፣ ማለትም በወጉ ተቆርጦ፣ ተበስቶና ዝገት እንዳይነካው ተለብጦ በቋሚና በአግዳሚው ላይ የሚጠመጠመው ላሜራ፣ ሌላ ምንም ሳይሆን የማይበሰብስ ልጥ ነው። አዲስ ባዕድ ነገር አላመጣንም፤ የጣልነውን በተሻለ ዕቃ እንመልስ ነው ያልነው።

ጃፓን በስንት ሕይወት ተማረች?

ይህን ትምህርት ያለ ደም የተማረ አገር ማግኘት ይቸግራል። ጃፓን የእንጨት ቤት አገር ናት። የአናጢዎቿ ጥበብ በዓለም የታወቀ ነው፤ ቋሚውን ከአግዳሚው ጋር የሚያያይዙት እንጨትን በእንጨት ውስጥ በማስገባት ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1995 ማለዳ የኮቤ ከተማ ስትናወጥ 6,434 ሰዎች ሞቱ። ከመቶ ሺህ በላይ ቤቶች ፈጽመው ፈረሱ። አብዛኞቹ ሟቾች የተቀበሩት ከባድ የሸክላ ጣራ በተሸከሙ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ሥር ነው። ፍርስራሹን የመረመሩት መሐንዲሶች ደጋግመው ካዩት ነገር አንዱ ከነካሉ የቆመ፣ ነገር ግን ከታችኛው አግዳሚ ተነቅሎ የወጣ ቋሚ ነበር። እንጨቱ አልተሰበረም፤ መጋጠሚያው ለቀቀ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ የጃፓን መንግሥት በቋሚ እንጨት ራስና እግር ላይ የሚገባውን የብረት ማያያዣ ዓይነት እንደ ግድግዳው ጥንካሬ ለይቶ በደንብ ደነገገ። የግድግዳዎች አቀማመጥ ሚዛናዊ እንዲሆንም አስገደደ። የዚህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2016 በኩማሞቶ ታየ። ማሺኪ የተባለችው ከተማ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ በኃይል ተመታች። በከተማዋ መካከል ከሚገኙት የእንጨት ቤቶች ውስጥ ከ1981 በፊት ከተሠሩት 28.2 በመቶ፣ ከ1981 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ከተሠሩት 8.7 በመቶ፣ ከ2000ው ደንብ በኋላ ከተሠሩት ደግሞ 2.2 በመቶ ብቻ ወደቁ። ምድሩ አንድ ነው፣ መንቀጥቀጡ አንድ ነው፣ እንጨቱም ያው እንጨት ነው። ልዩነቱ የግድግዳው አሠራርና መጋጠሚያው ነው። ከዚህ በኋላ እንጨት ቤት መንቀጥቀጥ አይችልም ብሎ የሚከራከር ሰው ከቁጥር ጋር ይሟገት።

ብረቱ የሚሠራው በቦታው ሲውል ነው

ክርክሩን ሐቀኛ ለማድረግ አንድ ነገር መባል አለበት። ብረት ብቻውን ቤት አያድንም። ማያያዣ ኃይልን ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ያሳልፋል እንጂ ዘማሚ ግድግዳን ጠንካራ አያደርግም። ግድግዳው ራሱ ሰያፍ እንጨት ወይም በጥብቅ የተቸነከረ ኮምፔንሳቶ ያስፈልገዋል። ማገር አግድም ስለሆነ ብቻውን ይህን ሥራ አይሠራም። ጭቃው ደግሞ ለመጀመሪያው መናወጥ ያግዛል፤ ከተሰነጠቀ በኋላ ግን ሸክም ይሆናል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ሙሉ መሆን አለበት፤ ከጣራ ወደ ግድግዳ አናት፣ ከአናት ወደ ቋሚ፣ ከቋሚ ወደ ታችኛው አግዳሚ፣ ከአግዳሚው ወደ መሠረት። አንዷ ቀለበት ከጎደለች የሌሎቹ ብርታት ከንቱ ነው።

የሰሜን አሜሪካ የመኖሪያ ቤት ደንብ የሚጠይቀው ዝቅተኛው ነገር የተራቀቀ አይደለም። የታችኛው አግዳሚ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባላቸው ቡሎኖች ከመሠረቱ ጋር ይታሰራል። ቡሎኑ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ኮንክሪቱ ውስጥ ይቀበራል። በሁለት ቡሎኖች መካከል ያለው ርቀት ከ1.8 ሜትር አይበልጥም። በእያንዳንዱ እንጨት ጫፍ አጠገብም በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አንድ ቡሎን ይገባል። በሰያፍ በተጠናከረው ግድግዳ ሁለት ጫፎች ላይ ደግሞ ቋሚውን ከመሠረቱ ጋር በቀጥታ የሚያስር፣ እግሩ የታጠፈ ወፍራም ብረት ይቆማል። ከላይ በሰሌዳው ስሌት ያየነውን 700 ኪሎ የሚይዘው እርሱ ነው። በአናቱ ላይ የጣራውን እንጨት ከግድግዳው ጋር የሚጠቀልል ጠፍጣፋ ማሰሪያ ይደረጋል።

የእኛ እንጨት ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ የውጭውን ሥዕል መገልበጥ ብቻ አይበቃም። ባሕር ዛፍ ክብ ነው። ለጠፍጣፋ ጣውላ የተሠራ ማያያዣ በክብ እንጨት ላይ አይቀመጥም፤ ወይ መቀመጫው በመጥረቢያ ይስተካከላል፣ ወይ ማሰሪያው ዙሪያውን ይጠመጠማል። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቡሎኑና ወፍራሙ ሚስማር ከመግባቱ በፊት በመሰርሰሪያ ይበሳል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ዳዶው ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይጠብቃል። ሮንዴላው ሰፊ ካልሆነ ዳዶው እንጨቱን ወግቶ ይገባል። ማሰሪያው ከጣራ ቆርቆሮ ቁራጭ መሠራት የለበትም፤ ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። እርጥብ ጭቃ ተራ ብረትን ያዝጋልና በዚንክ የተለበጠ ላሜራ ያስፈልጋል። በማሰሪያው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሁሉ በሚስማር መሞላት አለባቸው፤ ስምንት ቀዳዳ ላለው ብረት ሁለት ሚስማር መምታት ብረቱን ለጌጥ መለጠፍ ነው። ቋሚው እንደ ልማዱ አፈር ውስጥ የሚተከል ከሆነም እግሩ በእርጥበትና በምስጥ ሲበላ ከላይ ያለው ማሰሪያ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ላይ ማቆሙ ይሻላል።

ለሚቀርቡት ምክንያቶች መልስ

የመጀመሪያው ምክንያት፣ ጊዜው የኮንክሪትና የብሎኬት ነው፣ የእንጨት ቤት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ድሃው በሚኖርበት ቤት እንዲያፍር እንጂ ቤቱን እንዲያጠነክር አያደርገውም። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንዳሳየው የኢትዮጵያ ቤቶች አብዛኞቹ ግድግዳቸው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነው። እነዚህን ሁሉ አፍርሶ በኮንክሪት መተካት በአንድ ትውልድ የሚፈጸም አይደለም። ደግሞስ ኮንክሪት ራሱ ማያያዣ አያስፈልገውም? እ.ኤ.አ. በጥር 2010 በሄይቲ ሰው የፈጀው የጎጆ ጣራ አልነበረም፤ በወጉ ያልታሰረ ፌሮና ያልጠነከረ ኮንክሪት ነው። መጋጠሚያውን የናቀ በእንጨትም ይወድቃል፣ በኮንክሪትም ይወድቃል፤ የኮንክሪቱ አወዳደቅ ግን የከበደ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። 6 በ5 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 22 ሜትር ነው። ለዚህ ቤት ሃያ ያህል ቡሎን፣ ለማዕዘኖቹና ለሰያፎቹ ጫፍ ጥቂት ወፍራም ብረቶች፣ ለጣራው ማሰሪያ ጥቂት ሜትር ላሜራ ይበቃዋል። ይህን ወጪ አልችልም የሚል ባለቤት ብዙ ጊዜ አበባ የተሠራበት የብረት በር ለመግዛት አያመነታም። ስለዚህ ችግሩ ሁልጊዜ የገንዘብ ማጣት አይደለም። በሩን ጎረቤት ያየዋል፣ ቡሎኑን ግን ማንም አያየውም። ገንዘባችን ዓይን ወደሚያርፍበት ይሄዳል። በእርግጥ ለበሩም ለቡሎኑም የሌለው ድሃ አለ። ለእርሱ ደግሞ ዕርዳታ የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ቆርቆሮና ሚስማር ሲሰጡ ማሰሪያውንም አብረው ቢሰጡ በጀታቸው አይናጋም።

ሦስተኛው ምክንያት፣ መንቀጥቀጥ በዕድሜ አንድ ጊዜ ይመጣል ወይም ከነጭራሹ አይመጣም የሚል ነው። መንቀጥቀጥ ብርቅ ሊሆን ይችላል፤ ነፋስ ግን በየዓመቱ ይመጣል። በበልግና በክረምት መግቢያ የትምህርት ቤትና የመኖሪያ ቤት ጣራ ከነወራጁ ተነሥቶ ሲሄድ ያልሰማ ማን ነው? ጣራውን የሚያነሣው ነፋስ ግድግዳውንም ከጎን ይገፋል። መንቀጥቀጡን የሚቋቋመው ያው ማሰሪያ ነፋሱንም ይቋቋማል። አንድ ጊዜ ተከፍሎ ለሁለት ጠላት ይውላል ማለት ነው።

አራተኛው ምክንያት፣ ሁሉም የፈጣሪ ፈቃድ ነው የሚል ነው። በዚህ ላይ ክርክር አናበዛም። የምድር መናወጥ ከሰው አቅም በላይ ነው፤ ሚስማሩን የመታው እጅ ግን የሰው ነው። ጣራው እንዳያፈስ ቆርቆሮ የሚያለብስ፣ ሌባ እንዳይገባ ቁልፍ የሚገዛ ሰው ቤቱ እንዳይወድቅ ቡሎን ቢያስር እምነቱን አይቃረንም።

ማን ምን ያድርግ?

አናጢውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። አናጢው የሚከፈለው ለሚታየው ሥራ ነው። ማሰሪያ ይግባ ብሎ ቢመክር ዋጋ ለመጨመር ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ሥራውንም ርካሽ የሚሠራ ሌላ ይወስድበታል። ስለዚህ ግዴታው ከላይ መምጣት አለበት። ኢትዮጵያ በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣቻቸው የሕንፃ ደረጃዎች ስለ እንጨት ሥራም፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥም ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች ነበሯቸው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ አነስተኛውን መኖሪያ ቤት ቁጥጥሩ በቀለለበት ምድብ አስቀመጠ። ድሃውን በወረቀት ላለማንገላታት የታሰበ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ደረጃው ለፎቅ፣ ዕድል ለጎጆ የሚል ሆነ። ደንብ የሚያስፈልገው መሐንዲስ ለሌለው ቤት ነው፤ መሐንዲስ ያለውማ መሐንዲሱ ያስብለታል።

የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለእንጨት ቤት መጋጠሚያ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ፣ በሥዕል የተደገፈ፣ ከአሥር ገጽ ያልበለጠ መመሪያ ይውጣ፤ በየቀበሌውም ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ የአናጢነት ሙያ የሚያስተምሩ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ይህን ትምህርት በምዘናቸው ውስጥ ያስገቡ። ሦስተኛ፣ ማሰሪያውንና ቡሎኑን በብየዳና በላሜራ ሥራ የተደራጁ ወጣቶች በአገር ውስጥ ያምርቱ፤ ውፍረቱና ሚስማሩ ግን በደረጃ ይወሰን። አራተኛና ዋነኛው፣ ጭቃው ከመለጠፉ በፊት አንድ ጊዜ ምርመራ ይደረግ። ጭቃ ሁሉን ይሸፍናል፤ ከተመረገ በኋላ የሚመጣ መርማሪ የሚያየው ልስኑን ብቻ ነው።

እስከዚያው ድረስ፣ ውድ አንባቢ፣ ቤት የምታሠራ ከሆነ ለአናጢህ አንድ ጥያቄ አቅርብለት፤ ይህ ግድግዳ ከመሠረቱ ጋር የታሰረው በምንድን ነው? መልሱ በሚስማር ከሆነ፣ ምርጊቱ ይቁም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ቡሎኑ የሚገባው ኮንክሪቱ ሳይደርቅ፣ ማሰሪያውም የሚመታው ጭቃው ሳይለጠፍ ነው።